ለአባባ፣ እነማይ

ውድ አባቴ ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? እኔና ልጆቹ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ትንሹ ልጄ የበሬዎችዎን ስም በቃሉ ይጠራል፤ ትልቋም ለፋሲካ እርስዎ ዘንድ ካልወሰዳችሁኝ እያለች ነው።

በስልክ ልነግርዎ ያልቻልሁትን ለመጻፍ የተነሣሁት በሥራዬ ምክንያት ስለ ገበሬ የኑሮ እርካታ የሚጠይቅ መጠይቅ እጄ ስለ ገባ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን የሚደረድረው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂው ከ0 እስከ 10 እርከን ያለው መሰላል እንዲያስብና፣ ከሁሉ የከፋው ኑሮ ከታች፣ ከሁሉ የተሻለው ከላይ ቢሆን፣ ራሱ የቆመበትን እርከን እንዲናገር ይጠየቃል።

ይህን ሳነብ የሚታዩኝ እርስዎ ነዎት። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ የወንዝ ዳሩ ዋልካ ተቀንሶ ለሌላ ሲሰጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያዝንልን፣ «የቀረው ይበቃናል» ብለው በማግስቱ ለወንፈል የወጡት እርስዎ ነበሩ። ያን ጊዜ ቢጠየቁ ከፍ ያለውን እርከን ይጠሩ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ የማኅበሩ ተራ ሲደርስዎ ቤትዎ መሙላቱ፣ ለሽምግልና መጠራትዎ፣ የታመመ ጎረቤት ጤፍ ሲታጨድ መገኘትዎ ለእርስዎ ከጎተራው ይበልጡ ነበርና።

ነገር ግን አባባ፣ እናታችን ከታመመችበት ጊዜ ወዲህ መልስዎን ማመን ተስኖኛል። በደወልሁ ቁጥር «ደህና ናት፣ አታስቢ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም የደረስሁት ከቀብሯ በኋላ ለሠልስቷ ነው። ሥራዬን ትቼ እንዳልንከራተት ብለው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሆኖም እጇን ሳልይዝ፣ ምርቃቷን ሳልቀበል መቅረቴ ዛሬም ያቃጥለኛል፤ ያን ሐዘን ከእኔ ማራቅ የእርስዎ ፈንታ አልነበረም።

አሁንም ጉልበትዎ እንደተሻለዎ ሲነግሩኝ ያው ፍርሃት ይመለስብኛል። ወንድሜ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው አዲስ አበባ እንዲመጡ ይፈልጋል። እኔ ግን ከደብርዎና ከማኅበርተኞችዎ ተለይተው ቀኑን ሙሉ በር ዘግተው እንዳይውሉ እፈራለሁ፤ እዚያው ቢቀሩም ዳግመኛ ዘግይቼ እንዳልደርስ እፈራለሁ። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ለመምረጥ ግን እኛም እውነቱን ማወቅ አለብን።

ለማዳበሪያው የሚሆን ብር ለእኅቴ ልኬያለሁ። ሰኔ ሳይገባ ማን እንደሚያርስ ይወስኑ፤ እርስዎ ሞፈር እንዳይጨብጡ እለምንዎታለሁ። ይህን የሚያነብልዎ የእኅቴ ልጅ ነውና፣ በእርሱ ፊት የማይሉት ነገር ካለ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስደውል ብቻዎን ሆነው ያነጋግሩኝ። ሕመሙ ሌሊት ይቀሰቅስዎ እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ዐረፍ ሳይሉ መድረስ አቅቶዎ እንደ ሆነ፣ ያለምንም ማለስለስ ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ