ከጨረታው ባዶ እጄን ስለ መመለሴ

ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «መኪናው ምን ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ነገሩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልነበረ በደንብ ሳላስረዳዎ ቀረሁ። ገንዘቡን አምነው ከሰጡኝ በኋላ ባዶ እጄን መመለሴ ቅር እንዳሰኘዎ ከድምፅዎ ስለ ተረዳሁ፣ የሆነውን በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድሁ።

ያገለገለ መኪና ከባለቤቱ ሲገዙ ነድተው፣ ዳገት አስወጥተው፣ ጋራዥ አስገብተው አሳይተው ካልተስማማዎ ትተውት ይሄዳሉ። በጨረታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ አጫራቹ መዶሻውን ካሳረፈ በኋላ የሚገኘው ጉድለት ሁሉ የገዢው ዕዳ ይሆናል ማለት ነው። እኔ በሄድሁበት ጨረታ ሞተር ማስነሳት እንጂ መንዳት አይፈቀድም ነበርና፣ ካምቢዮው ሲሞቅ ማርሹ እንዴት እንደሚገባ፣ መሪውም ወደ አንድ ወገን ይጎትት እንደሆነ የማወቂያ መንገድ አልነበረንም። ዋጋው ዝቅ የሚለውም ገዢው ይህን ሁሉ ስጋት ስለሚሸከም ነው።

ከጨረታው በፊት ለዕይታ በተፈቀደው ቀን መካኒክ ጓደኛዬን ይዤ ሄድሁ። በዝርዝሩ ላይ አይተው የወደዷት ነጯ መኪና ከሩቅ ስትታይ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች። ጓደኛዬ አስቀድሞ ሞተሩን በእጁ ዳሰሰ፤ አስቀድሞ የተሞቀ ሞተር የጠዋት አነሳሱን ጉድለት ይደብቃልና። ቀዝቃዛ ነበር፣ ሲነሣም ሰማያዊ ጭስ ስላላወጣ ዘይት አይበላም ብለን ደስ አለን። ደስታችን ግን አልቆየም። ቆጣሪው 62 ሺህ ኪሎሜትር ይላል፤ የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ግን መስመሮቹ ጠፍተው እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟልና፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆናል ብለን ጠረጠርን። ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ሊጠፋ የሚገባው የኤርባግ መብራት ከናካቴው አልበራም። ይህ ደግሞ ብልሽቱ እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ የተቋረጠ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የባሰውን ያየነው የሾፌሩን የደህንነት ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስንጎትተው ነው። ዘወትር የሚታየው ክፍል በሳሙና የታጠበ ንጹሕ ነው፤ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ጫፉ ጋ ሲደርስ ግን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ ቡናማ ምልክት ታየ፣ በጣቴም ላይ የደቀቀ ደለል ቀረ። ምንጣፉን ገለጥ ስናደርግ የወንበሩ ብሎኖች ዝገዋል። አባቴ፣ ያቺ መኪና እስከ ወንበሯ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ውኃ የገባበት መኪና ክፋቱ በተገዛበት ቀን መልካም ሆኖ መሄዱ ነው፤ የሽቦዎቹ ማያያዣዎች ውስጥ ውስጡን እየዛጉ ከወራት በኋላ ዛሬ መብራቱ፣ ነገ ኮምፒውተሩ ይበላሻል።

ሁለተኛዋን፣ ግራጫዋን፣ ወደድናት። በሊብሬው ላይ ያለውን 17 ፊደልና አሃዝ የያዘ የሻሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም አጣራን። የጎማዎቹን ዕድሜ እንኳ አየን፤ በጎማው ጎን ላይ ካሉት አራት አሃዞች ፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ኋለኞቹ ዓመቱን ስለሚያመለክቱ 2319 የሚል ጎማ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከዚያም ለአጫራቹ የሚከፈለውን ኮሚሽን፣ ግብሩን፣ ማጓጓዣውንና የመጀመሪያውን ጥገና ከገንዘብዎ ቀንሰን የቀረውን የመጨረሻ ዋጋችን አድርገን በወረቀት ጻፍሁት።

የግራጫዋ ጨረታ ሲጀመር ሁለት ሰዎች እልህ ተጋብተው ዋጋውን ሽቅብ ይሰቅሉት ጀመር። ከጻፍሁት ቁጥር ባለፈ ጊዜ፣ አልደብቅዎትም፣ እጄ ሳላዝዘው ሊነሣ ሲል ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። ነጯን ግን በሯን ሲከፍት ያላየሁት ሰው ከግራጫዋ ባልተናነሰ ዋጋ ወሰዳት።

ያስያዝሁት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ተመልሶልኛል፤ የእርስዎም ሳይነካ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ጨረታ ስላለ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር እንዲወስኑልኝ እለምንዎታለሁ። እስካሁን ባለ ማርሽ መኪና ካልሆነ ብለዋል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮን መርገጥ የግራ ጉልበትዎን እንደሚያሳምምዎ እናቴ ነግራኛለችና፣ አውቶማቲክም ልመልከትልዎ ወይስ በቀድሞው ሐሳብዎ ይጸናሉ?

አክባሪ ልጅዎ