ሁሉም ወንጌላውያን የሕፃናትን ጥምቀት አይቃወሙም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ጽሑፍ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ የሕፃናትን ጥምቀት እንደማይቀበሉ አድርጎ ማቅረቡ ትክክል አይደለም። በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የሉተራንን (የማርቲን ሉተርን) ትምህርት የምትከተልና በ1530 እ.ኤ.አ. የቀረበውን የሉተራውያን መሠረታዊ ሰነድ፣ የአውግስበርግ የእምነት መግለጫን፣ የምትቀበል በመሆኗ፣ የምእመናንን ሕፃናት ታጠምቃለች፤ በቅዱስ ቁርባንም የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋና ደም ከኅብስቱና ከወይኑ ጋር እንደሚሰጥ ታስተምራለች። ቃለ ሕይወትና መሠረተ ክርስቶስ የተባሉት ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን የሚያጠምቁት እምነቱን በራሱ አንደበት የመሰከረን ሰው ነው፤ መሠረተ ክርስቶስ ሜኖናይት ከተባለው የፕሮቴስታንት ወገን የሚሲዮን ሥራ የተገኘች እንደ መሆኗ፣ የዚህ አቋሟ ሥር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የሕፃናትን ጥምቀት ካልተቀበሉት ወገኖች ይመዘዛል።

በሥላሴ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የበላይ ሥልጣን፣ በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ፣ ዳግመኛም በመምጣቱ ሦስቱም አንድ እምነት አላቸው። ሰው የሚድነው በጸጋ፣ በእምነት እንጂ በሥራው አይደለም የሚለውም የጋራቸው ነው። የጽሑፉ አቅራቢ ከዚህ ተነሥተው አብያተ ክርስቲያናቱ በጎ ሥራን ይንቃሉ ብለው መደምደማቸው (ትችቱ አዲስ ባይሆንም) አስገርሞኛል፤ በጎ ሥራ በአብያተ ክርስቲያናቱ ትምህርት የመዳን ፍሬ እንጂ የመዳን ዋጋ አይደለም። መካነ ኢየሱስ ራሷ በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ የውጭ ለጋሾች የወንጌል ስብከትንና የልማት ሥራን ለያይተው እንዳያዩ አጥብቃ ጠይቃለች። እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ