ቴላንጋና የተለየችው ከቋንቋዋ አይደለም

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በሕንድ የቴላንጋናን ክልል ከአንድራ ፕራዴሽ ክልል መለየት የአንድ ሕዝብ መበተን አድርጎ ያቀረበው ጽሑፋችሁ ጉዳዩን በግማሽ ያየው ይመስለኛል። ፖቲ ስሪራሙሉ ለቴሉጉ ተናጋሪዎች የራሳቸው ክልል እንዲመሠረት ምግብ አቋርጠው በ1952 እ.ኤ.አ. ሕይወታቸው ማለፉ፣ በማግሥቱም ዓመት የአንድራ ክልል መቋቋሙ እውነት ነው። ሆኖም በ1956 ከአንድራ ጋር ተቀላቅላ አንድራ ፕራዴሽን የመሠረተችው ቴላንጋና ኡርዱ የቢሮ ቋንቋ በሆነበት በሃይደራባድ ኒዛሞች (ገዢ መሳፍንት) አገዛዝ ሥር የኖረች በመሆኗ፣ የመንግሥት ሥራ በባሕር ዳርቻው የአንድራ ሰዎች ተይዟል የሚለው ቅሬታ በ1969 አደባባይ ወጣ። በ2014 የተከፈለው አስተዳደሩ ነው፤ ቴሉጉ ዛሬም የሁለቱም የሥራ ቋንቋ ነው። የባሕር ዳርቻው ሰው በሃይደራባዱ ኡርዱ ቀመስ አነጋገር ቢቀልድም (ቀልዱ አንዳንዴ ያቆስላል) ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። እስካሁን ያላግባባቸው የክሪሽና ወንዝ ውኃ ድርሻ ስለሆነ፣ በቀጣይ እሱን ብትዳስሱት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ