እማዬ፣ ማልቀስሽ እምነትሽን አያጎድልም

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ስናወራ ግማሹ እንደማይሰማሽ ስለማውቅ ይህን በወረቀት ጻፍኩልሽ። የጎረቤታችን ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲፈላ ይሁን።

እኅቴ የነገረችኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ሐኪሙ ዘንድሮ ለገብርኤል ቁልቢ መውጣት እንደማትችይ ሲነግርሽ አለቀስሽ፤ እንዴት አታለቅሺ? በደህናሽ ጊዜ የደንገጎን ዳገት በእግርሽ ወጥተሽ ለንግሥ ትደርሺ የነበርሽ ሰው ነሽ። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልትጠይቅሽ የመጣች ሴት «ክርስቲያን አያለቅስም፣ እምነትሽ ቢጸና ደስ ይልሽ ነበር» ብላሽ፣ ከዚያ ወዲህ ጓዳ ገብተሽ ነው የምታለቅሺው አሉኝ።

እማዬ፣ እንዲህ የሚል ወንጌል የለም። ጌታችን ራሱ በአልዓዛር ሞት እንባውን አፍስሷል፣ ያውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለውን ቃል ነው ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው። ጳውሎስ ይህን ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ታስሮ ነው። በዚያው መልእክት ውስጥ «እያለቀስሁ» የሚልበት ቦታ አለ። ወንድሙ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ በዳነ ጊዜም፣ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ እግዚአብሔር ማረኝ ይላል። ስለ ደስታ እንደዚያ ደጋግሞ የጻፈ ሐዋርያ ኀዘኑን አልደበቀም፤ አንቺም ጓዳ መግባት የለብሽም።

ደግሞ የገብርኤልን ነገር ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነበትን ቀን ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ጸሎታቸውን ስደግመው፣ እሳቱ መካከል ሆነው መጀመሪያ የጸለዩት የኀዘን ጸሎት መሆኑ አስደነቀኝ። ከሦስቱ አንዱ አዛርያስ ቆሞ የሕዝቡን ኃጢአት ተናዘዘ። አሁን አለቃም ነቢይም የለንም፣ መሥዋዕት የምናቀርብበት ቦታ እንኳ የለንም፣ የተሰበረውን ልባችንን እንደ መሥዋዕት ተቀበለን አለ። ምስጋናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፀሐይና ጨረቃን፣ ዝናብና ጠልን፣ ብርድና ሙቀትን እየጠሩ ከእነሱ ጋር እንዲያመሰግኑ ያዘዙት። ሲዘምሩም ገና ከእሳቱ አልወጡም።

«የምናቀርብበት ቦታ የለንም» የሚለውን ሳነብ አንቺ ታየሽኝ። ቁልቢ መድረስ ያቃታት እናቴ ከገብርኤል አልራቀችም ብዬ አምናለሁ፣ ከልቤ አምናለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን እንኳ ለዓድዋ የተሳሉትን ስለት ከፈጸሙ በኋላ ከሕመም አልተረፉም። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ላይ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። ስለታቸው ግን ከንቱ ሆነ የሚል ማንም የለም።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ያ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ እኛ ቤት የገባው ጭቃ የአልጋውን እግር ውጦት ነበር። ጎረቤታችን ልጇን አጥታ በራችን ላይ ተቀምጣለች። አንቺ ከእሷ ጋር ስታለቅሺ ቆየሽና ተነሣሽ። ጀበናውን ከጭቃ ውስጥ አወጣሽው፤ አንገቱ ውስጥ የተሰነቀረውን ጭቃ በመጥረጊያ ስንጥር እየቆረቆርሽ ደጋግመሽ አለቀለቅሽው። ከዚያ ከየት እንዳገኘሽው ያልገባኝን እፍኝ ቡና ቆልተሽ ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አፈላሽ። ቡናውን ስትቆዪ መዝሙር ታንጎራጉሪ ነበር፣ እንባሽ ግን አልደረቀም። የክርስቲያን ደስታ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ያን ነው ያስረዱኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ፣ ሲመጣብሽ አልቅሺ። ግን ደስታሽን የሚመግቡትን ነገሮች አንድ በአንድ አትተዪ። የጥር 21 የማርያም ጽዋ ተራሽን ለሌላ ሰው ሰጠሽ ሲሉኝ በጣም ነው ያዘንኩት። አቦ መልሺው! ዳቦውንና ጠላውን እኔና እኅቴ እንችላለን፤ አንቺ ተቀምጠሽ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። ሲመሽ ነፋሱ ሲነሣ ወንበርሽን ደጅ አውጥተው ያስቀምጡሽ፣ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይበልሽ። ከሰው መራቅ ከጉልበቱ ሕመም ይብስብሻል። ዳዊትም የሚደግምልሽ ሰው አታጪም፤ ሰባኛው መዝሙር ላይ ያለውን «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለውን በተለይ ያቺው የጎረቤታችን ልጅ ታንብብልሽ። ያ መዝሙር በልመና ጀምሮ በበገና ምስጋና ነው የሚያበቃው።

የንስሐ አባታችንንም ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቤት መጥተው ጸሎት ያደርሱልሻል። ያስጨነቀሽን ሁሉ ንገሪያቸው፣ ያቺ ሴት ያለችሽንም ጭምር። እሷንም አትቀየሚያት፤ ልታጽናናሽ ብላ ነው እንጂ ክፋት አስባ አይመስለኝም። ስትመጣ ቡና አፍይላት።

እኔ በ18 ድሬ እደርሳለሁ። የተሳልሽውን ዣንጥላ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፣ ሌሊቱን ከእኅቴ ጋር ወጥተን በስምሽ እናስገባልሻለን። ጠበልና እምነትም ይዘንልሽ እንመለሳለን። ልጆቹ ሰላም ብለውሻል፤ ትንሿ መዝሙር አጥንታ ልታሰማሽ ቸኩላለች፣ ስለዚህ ጆሮሽ አጠገብ ቦታ ያዢላት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምትወጂኝ ልጅሽ