የጎዳናው ስም የማን ነው?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ኤድንብራ ባወጣችሁት የጉዞ ጽሑፍ ቻምበርስ ጎዳና ላይ ስላለው ሙዚየም በሰፊው ተወርቷል። ስለ ቻምበርስ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ቅር ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ዊልያም ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1800 ፒብልስ በምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። የአባቱ ንግድ ሲከስር ቤተሰቡ ኤድንብራ ገባ፤ ልጁም በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ በሳምንት 4 ሺሊንግ ተቀጠረ። ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፦ ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት እየሄደ፣ ጋጋሪዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ጮክ ብሎ መጽሐፍ ያነብላቸዋል። ክፍያው? ከምድጃ የወጣ አንድ ትኩስ ዳቦ!

በ1819 ሊዝ ዎክ በሚባል የኤድንብራ ጎዳና ላይ በዱቤ ባገኛቸው መጻሕፍት የራሱን መደብር ከፈተ። በ1832 በርካሽ የሚሸጥ ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረ፤ ከወንድሙ ከሮበርት ጋር ኢንሳይክሎፒዲያም አሳተመ።

ከ1865 እስከ 1869 የኤድንብራ ከንቲባ ሆኖ የተፋፈጉ አሮጌ ሰፈሮች የሚፈርሱበትን ዕቅድ አስጀመረ። (እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አላጨበጭብለትም፤ ቤት የፈረሰበት ድሃ የት ገባ?) በስሙ የተጠራው ጎዳናም የዚያው ዕቅድ ውጤት ነው።

በመጨረሻም የቅዱስ ጃይልስን ቤተ ክርስቲያን በራሱ ገንዘብ አሳደሰ። ሕንፃው ዳግም ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 20 ቀን 1883 ዓረፈ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ