ብስክሌቱን ብቻ ሰጥተን አንሸኛቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ስለሚሄዱ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የቤት ኪራዩ፣ የጤና መድኑ፣ ብርዱ ሁሉ በደንብ ተነግሯል። ስለ ብስክሌት ግን «ርካሽ ነው፣ ሁሉም ይነዳል» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለም። እኔ የምኖረው አምስተርዳም ነው። እዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ ቶሎ ብለን ያገለገለ ብስክሌት እንፈልግለታለን፣ «በርታ» እንለዋለን፣ አለቀ። መንገዱን የሚያስረዳው የለም። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

«ብስክሌት ደግሞ ማን ያስተምረኛል?» የሚል ብዙ ነው። በተለይ የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ልጅ ከሆነ። አልፈርድበትም፤ ከብስክሌት ጋር ነው ያደገው። ግን ባሕር ዳር ላይ ተያይተን ነው የምንተላለፈው። ባጃጁ ቀስ ይላል፣ እኛም ቀስ እንላለን፣ በዓይን ተግባብተን እናልፋለን። አምስተርዳም ላይ ሰው ቅድሚያው የእሱ ከሆነ ዝም ብሎ ይመጣል። ሌላውም ሕጉን ያውቃል ብሎ ስለሚያምን ፍጥነቱን አይቀንስም። አዲሱ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት በሌለበት መጋጠሚያ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ለብስክሌትም ይሠራል። ከቀኝ ከመጣን መኪናው ይቆምልናል፤ ከቀኛችን ከመጣ ደግሞ እኛ እንቆማለን። መሬቱ ላይ የተደረደሩ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ጫፋቸው ወደ እኛ ከዞረ ቅድሚያው የሌላው ነው። ለመታጠፍ እጅ መዘርጋት ግዴታ ነው። ከትራም ጋር ግን መከራከር የለም፤ ማሳለፍ ነው።

ትራምን ካነሳሁ አይቀር ሐዲዱን ላንሳ። በሐዲዱ መሃል ያለው ክፍተት የብስክሌት ጎማ ልክክ ብሎ ይገባበታል። የምናውቃት አንዲት ተማሪ ባለፈው መኸር፣ ዝናብ እያካፋ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳትርቅ ከሐዲዱ ጎን ለጎን ስትነዳ የፊት ጎማዋ ገባ። መሪው አልታዘዝ አላት። በእጇ መሬቱን ልትደግፍ ስትል የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ፈተናዋንም ሳትፈተን ቀረች። ሐዲድ በሰያፍ አይታለፍም። ቀደም ብሎ መሪውን አዙሮ ቀጥ ብሎ ማቋረጥ ነው። በዝናብ ከሆነ ደግሞ ሐዲዱ ላይ ፍሬን አለመያዝ።

ፍሬኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ በርካሽ የሚገኙት አሮጌ ብስክሌቶች ብዙዎቹ የእጅ ፍሬን የላቸውም። የሚቆሙት ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነው። ያልለመደ ሰው ሲደነግጥ ጣቶቹ መሪው ላይ ፍሬን ይፈልጋሉ፤ እዚያ ምንም የለም። ስለዚህ ብስክሌቱ በተገዛበት ቀን ጭር ያለ ሰፈር ወስዶ ደጋግሞ ማስቆም ያስፈልጋል። ይህን ማሳየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የጭነት መኪና ነው። ሹፌሩ ከቀኝ ጎኑ ያለውን ብስክሌት ጭራሽ ላያየው ይችላል። መብራት ላይ ከጎኑ መቆም አይገባም። ከኋላው መቅረት ይሻላል።

«ደቾቹ እኮ ሲወለዱ ጀምሮ ነው የሚያውቁት» ይባላል። አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በዚህች አገር ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ዛሬ የምናደንቀው ቀይ የብስክሌት መንገድ እንዲህ በስፋት የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጆቻቸውም ቢሆን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከመጨረሳቸው በፊት የትራፊክ ፈተና ይፈተናሉ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚማረውን እኛ ለትልቅ ሰው ለምን አንነግርም?

ምግብ በማድረስ ሥራ ላይ ላሉት ልጆቻችን ደግሞ፦ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው። ቅጣቱ ከ100 ዩሮ በላይ ነው። ስልኩን መሪው ላይ በማሰሪያ ማሰር ግን ይቻላል። መብራትም አይዘንጋ። በታኅሣሥ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፤ ልብስ ወይም ቦርሳ ላይ የሚሰካው ትንሹም ይበቃል፣ ብልጭ ድርግም እስካላለ ድረስ። የራስ ቁር ለተራ ብስክሌት ግዴታ አይደለም። ማንም ስለማያደርገው ጀማሪው ያፍራል። እኔ ግን ያድርግ እላለሁ፤ ለማጅ ነው፣ ይወድቃል።

አንዳንድ ሰፈሮች ውስጥ ለስደተኛ እናቶች የብስክሌት ትምህርት ይሰጣል። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ብስክሌት ላይ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። በጥቂት ወራት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በብስክሌት ሲያደርሱ አይቻለሁ። የእኛም ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች እንዲህ ያለውን ነገር ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ የለውም። ባዶ የመኪና ማቆሚያ፣ ሁለት ብስክሌት፣ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቹ ሻንጣ የሚያዘጋጁት በነሐሴ ነው። ያኔ ስለ ብስክሌት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጡ። በበርሊን፣ በኮፐንሃገንና በሌሎችም ከተሞች ያሉ አንባቢዎቻችሁ የየከተማቸውን ደንብ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የአምስተርዳሙን እኔ እጽፋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከአምስተርዳም