ስለ ቱቦላሬ ጥገናና ስለ ከመነዳሪ ቅየራ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቱቦላሬ፣ ማለትም ቸርኬ ላይ በማስቲሽ የሚጣበቀው የብስክሌት ጎማ፣ ስለተነፈሰ ብቻ አይጣልም። ከመነዳሪው በሸራ ተጠቅልሎ ሸራው ከሥሩ የተሰፋ ቢሆንም፣ ስፌቱ ተፈቶ መልሶ ይሰፋል። በእጃችሁ መሞከር ለምትፈልጉም ሆነ ጎማውን ለእኛ ለምትልኩ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የቱ ጋ እንደሚበላሽ እንጽፍላችኋለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ልጥፉ ላይ አይደለም፤ ቀዳዳው በትክክል ሳይታወቅ ስፌት መፍታት ላይ ነው።

በቅድሚያ ጎማው መበሳቱን አረጋግጡ። የላቴክስ (የተፈጥሮ ላስቲክ) ከመነዳሪ ጤነኛም ሆኖ አየር ያሳልፋል፤ ማታ የተነፋው ጠዋት ላላ ብሎ ቢገኝ አይግረማችሁ። ቡቲል የሚባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ግን እንዲህ ቶሎ አይላላም። የቫልቩንም ጫፍ ብቻ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እዩት፤ አረፋ ካወጣ ውስጡን ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል፣ ስፌት አያስፈታም።

ከዚያ ጎማውን ከቸርኬው አውጥታችሁ በመጠኑ ንፉና ውሃ ውስጥ እያዞራችሁ ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከቀዳዳው የወጣው አየር በከመነዳሪውና በሸራው መካከል ይሄድና በቀለለው በኩል ብቅ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ በቫልቩ ሥር ወይም ስፌቱን በሚሸፍነው ጥብጣብ ጠርዝ። ስለዚህ አረፋ ያያችሁበት ሁሉ ቀዳዳ አይደለም። መሬት በሚነካው ላስቲክ በኩል ከወጣ ግን ቦታው ያው ነው። ካልወጣ ላስቲኩን እየዳሰሳችሁ ስባሪ ጠርሙስ፣ እሾህ ወይም ቀጭን ሽቦ ፈልጉ።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ጥብጣቡን ከግራም ከቀኝም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀስ ብላችሁ አላቁ። ምላጭ ከማንሳታችሁ በፊት በእስክሪብቶ ስፌቱን የሚያቋርጡ መስመሮች በየ1 ሴንቲ ሜትሩ አስምሩ። ይህን አደራ እንላለን። ሁለቱ የሸራ ጠርዞች ሲሰፉ በአንድ ቀዳዳ እንኳ ቢዛነፉ ጎማው እዚያ ላይ ይጣመማል፤ ሲሽከረከርም ወደ ጎን ሲወላገድ በዓይን ይታያል። ከዚያ ክሩን ብቻ፣ የምላጩን ስለት ወደ ውጭ አድርጋችሁ፣ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ፍቱ። ከስፌቱ ሥር ከመነዳሪውን ከክር የሚከላከል ስስ ጨርቅ አለ፤ ወደ ጎን ግለጡት እንጂ አትቁረጡት።

ከመነዳሪውን ሳባችሁ አውጡ፣ ትንሽ አየር ስጡት፣ ቀዳዳውን አግኙ። ቡቲል ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት፤ ላቴክስ ከሆነ መጥረግ ይበቃዋል። ለላቴክስ ልጥፉ ከአሮጌ ላቴክስ የተቆረጠ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማዕዘኑ የተከረከመ ይሁን። ቡቲል ልጥፍ እንደ ላቴክስ ስለማይለጠጥ ዳርዳሩ ይነሣል። ማስቲሹን በስሱ ቀቡና ብልጭታው እስኪጠፋ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እርጥብ ላይ የተለጠፈ አይዝም። ከተለጠፈ በኋላ የታልክ ዱቄት ነስንሱበት፤ አለዚያ ከሸራው ጋር ይጣበቃል።

ሸራውንም ከውስጥ በኩል ፈትሹ። ክሮቹ ተበጥሰው ከሆነ ከአሮጌ ቱቦላሬ የተቆረጠ ሸራ ከውስጥ አጣብቁ፣ አለዚያ ከመነዳሪው በዚያ ወጥቶ ያብጥና ይፈነዳል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የተቀደደ ሸራ እኛ አንጠግንም።

ስፌቱ ሰም በተቀባ ጠንካራ የናይለን ክርና ጫፉ ዱልዱም በሆነ መርፌ ይሁን። አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፤ በድሮዎቹ ብቻ ሂዱ። ካልተፈታው ስፌት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርባችሁ ጀምሩ፣ እንደዚሁ ደርባችሁ ጨርሱ። ስሱን ጨርቅ ሳይታጠፍ መልሱት፤ ከመነዳሪውን በጣታችሁ እያራቃችሁ ስፉ። ክሩን አታክርሩ፤ ጠርዞቹ ተገናኝተው መቆማቸው ይበቃል፣ ከተደራረቡ ጎማው እዚያ ላይ ይጎደጉዳል። ጥብጣቡን ከመመለሳችሁ በፊት 2 ባር ያህል ንፉና አዙራችሁ እዩት። ካላማረ አሁኑኑ ፍቱት፣ በኋላ ሁለት ሥራ ነው። ካማረ ጥብጣቡን በማስቲሽ መልሱ፣ ጎማውን ማስቲሽ በሌለው ቸርኬ ላይ ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ጥብጣቡ የቸርኬውን ልክ ይይዛል።

ከመነዳሪው ሙሉ በሙሉ የሚቀየረው የቫልቩ ሥር ሲቀደድ ወይም ላቴክሱ ሲያረጅ ነው። ከቫልቩ አጠገብ ጀምራችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ክፈቱ፣ አሮጌውን ቁረጡ፣ በአንዱ ጫፍ ጠንካራ ክር አስራችሁ በሌላው ጫፍ ስታወጡት ክሩ ዙሪያውን ይገባል። አዲሱን ከቫልቩ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁረጡ፣ ታልክ ቀቡት፣ ረጅሙን ጫፍ ከክሩ ጋር አስራችሁ ሳይጠማዘዝ በዝግታ ሳቡት። ሁለቱን ጫፎች አንዱን በሌላው ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር አስገብታችሁ አጣብቁ። ክሩ መሃል ላይ ቢያመልጣችሁ አትጎትቱ፤ ሸራው ይጎዳል። እንዳለ ላኩልን።

ስትልኩልን ቀዳዳው ያለበትን ከጎን በኩል በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ጨምራችሁ ከነበረም ንገሩን፤ ፈሳሹ ልጥፍ እንዳይዝ ስለሚያደርግ አስቀድመን ማጠብ አለብን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍላችን